የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሥልጣን ዘመንና ለታሪክ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኖሩ መሪዎችን የሥራ ዘመን ለመመርመር ስንነሣ፣ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው መሪው ወደ ሥልጣን የወጣው በምን መንገድ ነው የሚለው ነው። በአሜሪካ ወደ ፖለቲካ ያደርስ ከነበሩት መንገዶች ዋነኛው የሕግ ሙያ ነበር። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አግኝተው ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ከኖሩ በኋላ፣ በ1861 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚያው ዘመን በጎጃም ደጋ ግን ራሱን የቻለ የሕግ ሙያ ገና አልተደራጀም ነበር። ባለጉዳይ ዋስ ጠርቶ፣ በማር ወይም በበቅሎ ተወራርዶ፣ ወይ ራሱ ወይ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ወኪሉ ቆሞ ይሟገታል። ፍትሐ ነገሥትን የሚጠቅሱ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ግብር የሚያስገባው፣ ጦር የሚያዘምተውና በችሎት ተቀምጦ የሚፈርደው ያው አንዱ ገዢ ነበር። ስለዚህ የገዢው ዕድል ሲቃና የሕዝቡም ኑሮ ይቃናል፤ የገዢው ስሌት ሲሳሳት ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ ይህን በግልጽ የሚያሳይ ነው።

ሀ. ወደ ሥልጣን አወጣጥ

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከመንገሣቸው በፊት ይጠሩበት የነበረው ስም አዳል ተሰማ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸው ደግሞ በ1845 ዓ.ም. ከካሣ ኃይሉ (በኋላ አፄ ቴዎድሮስ) ጋር ሲዋጉ ጉር አምባ ላይ የወደቁት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። እንግዲህ የትውልድ መብት ነበራቸው። ይሁን እንጂ የትውልድ መብት ብቻውን አገር አያስገዛም። አዳል የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን እኅት በማግባት ዝምድናን ከዙፋኑ ጋር አጠበቁ፤ በጎጃም ተቀናቃኛቸው የነበሩትን ደስታ ተድላንም በጦር አሸነፉ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሲነግሡ ደግሞ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገቡ፤ በራስ ማዕረግም ጎጃምን እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ትውልድ፣ ጋብቻ፣ ጦርና መገዛት በአንድነት የተጠላለፉበት ይህ መንገድ የዘመኑ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል።

ለ. ዘውዱና የዓባይ ማዶ ጥያቄ

በጥር ወር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡአቸው። በማዕረጉ ውስጥ ከፋ መጠቀሱ በከንቱ አልነበረም። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ በደቡብ ጎጃም ባለው በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይሻገር ነበር፤ ባሮችም በዚያው መንገድ ይነዱ ነበር። ይህን ንግድ የያዘ ጠመንጃ ይገዛል፤ ጠመንጃ ያለው ደግሞ ሥልጣኑን ያስከብራል።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸውን የጣሉት በዚያው አገር ላይ ስለነበር ግጭቱ አልቀረም። በግንቦት መጨረሻ 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። አፄ ዮሐንስ ሁለቱ ንጉሦች ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቆጥተው ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የደቡቡ ንግድ ወደ ሸዋ እያደላ ሄደ።

ሐ. በሁለት እሳት መካከል

ጎጃም በምዕራብ በኩል ከሱዳን ጋር ይዋሰን ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የማህዲስቶችን ጦር ድል ነሡ። ነገር ግን በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ በሐምዳን አቡ አንጃ የተመራ ብርቱ ጦር ደንቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ አሸነፋቸው፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በዚያው ወራት አፄ ዮሐንስ በሰሜን ኢጣሊያኖችን ለመግጠም ዘምተው ነበር። ንጉሡ ከንጉሠ ነገሥቱ ረዳት አለማግኘታቸው ቅሬታ አሳደረባቸው፤ ከቀድሞ ጠላታቸው ከምኒልክ ጋርም በአፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ።

የዚህ ስምምነት ዋጋ ከባድ ነበር። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጎጃም ገብቶ አገሩን አጠፋ፤ እህሉን በላ፣ ከብቱን ነዳ። ንጉሡ ታርቀው ሲገቡ ምሕረት አገኙ፤ የተዘረፈው ገበሬ ግን ካሣ የሚጠይቅበት ችሎት አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ የከብት እልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ በአገሪቱ ላይ ሲወርድ፣ ጎጃም የጠበቀው ጎተራው ባዶ ሆኖ ነበር።

መ. ከመተማ በኋላ

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለአፄ ምኒልክ ገቡ፤ ዘውዳቸውም ጸናላቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጎጃምን ሠራዊት መርተው ዐድዋ ላይ ተሰለፉ። በእምባቦ የተጋጠሙት ሁለቱ ሰዎች በዐድዋ በአንድ ወገን መቆማቸው ለተማሪ በሰፊው ሊብራራ የሚገባው ነጥብ ነው።

ከጦርነቱ ሌላ የከተማው ነገር መጠቀስ አለበት። መንቆረር ይባል የነበረው መናገሻቸው በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ከዓባይ ማዶ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡት የኦሮሞ ተወላጅ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም በጎጃም አድገውና ተምረው ሠዓሊና የጎጃም ታሪክ ጸሐፊ ሆነዋል። ንጉሡ በጥር 1893 ዓ.ም. ሲያርፉ አፄ ምኒልክ የጎጃምን ዘውድ ለማንም አልሰጡም፤ አገሩንም ከፋፈሉት። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በኋላ ጎጃምን ቢገዙም እስከ 1924 ዓ.ም. በራስነት እንጂ በንጉሥነት አልነበረም።

መደምደሚያ

በደብረ ማርቆስ በንጉሡ ስም ትምህርት ቤት ተሰይሟል። ስሙን የሚያነብ ተማሪ ግን የሰውየውን ሥራ በሚዛን እንዲያይ መርዳት የመምህሩ ድርሻ ነው። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ንጉሡ ከሁለት የበለጡ ኃይሎች መካከል ሆነው ምን ምርጫ ነበራቸው? ሁለተኛ፣ እምባቦ የሁለት ሰዎች ጠብ ነበር ወይስ የገበያ መንገድ ጉዳይ? ሦስተኛ፣ ዳኛው፣ ገዢውና የጦር አዛዡ አንድ ሰው በሆነበት አገር የተበደለ ሰው ወዴት ይጮኻል? የመጨረሻው ጥያቄ ሲመለስ፣ ዳኝነት ከአስተዳደር ተለይቶ መቆሙ ለምን እንዳስፈለገ ተማሪው ከገዛ አገሩ ታሪክ ይረዳል።