የጨው ገደል ሲናድ

በሰሜን ወሎም ሆነ በዋግ ኽምራ፣ ዝናብ በሚያጥርባቸው ወረዳዎች ገበያው ሞቅ የሚለው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ አዝመራ ሲገባ፣ ሌላው ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የሴፍቲኔት ክፍያ ሲለቀቅ። ክፍያው በወጣ ሰሞን ጨው፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጠው ባለሱቅ እረፍት የለውም። ልብስ ሰፊው ሥራ ይበዛበታል፣ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ይይዛል፣ በዱቤ ደብተር ላይ የቆየው ስም ይሰረዛል። ገንዘቡ የሚመጣው በድሃው ስም ነው፤ ድሃው ቤት ግን ብዙም አያድርም።

ስለ እርዳታ መቀነስ ሲወራ ይህ ዝውውር ይረሳል። ስንት ሰው እንደሚራብ ይቆጠራል፤ ስንት ሱቅ እንደሚዘጋ ግን የሚቆጥር የለም።

በ1995 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ 13 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እጁን ለእርዳታ ከዘረጋ በኋላ፣ በየዓመቱ አስቸኳይ ጥሪ ማሰማት መቅረት አለበት ተባለ። በጥር 1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጉልበት ያለው የቤተሰብ አባል በወር ለተወሰኑ ቀናት እርከን ይሠራል፣ ተዳፋት ይከልላል፣ የገጠር መንገድ ይጠግናል፤ ለዚህም በዓመት ውስጥ ለ6 ወራት ያህል ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይከፈለዋል። ሽማግሌው፣ ሕመምተኛውና ጧሪ የሌለው ሳይሠራ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። በ5 ሚሊዮን ገደማ ሰው የተጀመረው ፕሮግራም ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። ወጪውን መንግሥት፣ የዓለም ባንክና ለጋሽ አገሮች ይጋሩታል። አሜሪካ ድርሻዋን በአብዛኛው በእህል፣ በክክና በዘይት መልክ በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ስትሰጥ ቆይታለች።

ፕሮግራሙን የመረመሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ልብ የሚባል ነው። ለአምስት ዓመት ክፍያ ያገኘ ቤተሰብ፣ አንድ ዓመት ብቻ ካገኘው ይልቅ በዓመት ውስጥ የሚራብባቸው ወራት በ1.29 ወር ያህል ቀንሰውለታል። እንግዲህ ጥቅሙ ያለው ክፍያው ሳይቋረጥ በመቆየቱ ላይ ነው። ጎተራው ሲራቆት የሚመጣ ነገር እንዳለ የሚያውቅ ገበሬ የእርሻ በሬውን አይሸጥም፣ ዘሩንም አይበላም። ባለሱቁም ያንን ስለሚያውቅ ዱቤ አይነፍገውም።

ገንዘቡ ገበያ ውስጥ የሚያደርገውን ዙር የለካም አለ። በትግራይ ክልል፣ በአብይ አዲና በሕንጣሎ ወጀራት፣ ለድሃ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የሙከራ ፕሮግራም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ነበር። በጥናቱ ስሌት መሠረት የተሰጠችው እያንዳንዷ ብር በአብይ አዲ 1.35፣ በሕንጣሎ ወጀራት ደግሞ 2.52 ብር ገቢ ፈጥራለች። እርግጥ ብሩ በዝቶ እህሉ ካልበዛ ዋጋ ይንርና ትርፉ ያንሳል። ያም ሆኖ በዙሩ የሚጠቀመው ብዙውን ጊዜ ድጋፍ የማይቀበለው ጎረቤት ነው፤ ዶሮ የሚሸጠው፣ ማረሻ የሚያበጀው፣ ጠላ የምትጠምቀው።

አሁን ዙሩን ወደ ኋላ እናዙረው።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካ እህሉ ያለቦታው እየዋለ ነው በማለት የምግብ እርዳታዋን በመላ ኢትዮጵያ አቋረጠች፤ የቀጠለችው ከወራት በኋላ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ አዘዙ። በዚያው ወር የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጻፈ። በሚያዝያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጣ ለ650,000 በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት ሲሰጥ የነበረውን ሕክምናዊ ምግብ ለማቆም መገደዱን አስታወቀ። ሰኔ 24 የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ።

ሳይታወጅ የሚመጣ ቅነሳም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ከ130 አለፈ። የዘይት ዋጋ ሲወጣ የሴፍቲኔቱ የቀን ክፍያ አብሮት ካልወጣ፣ ማንም ቀነስኩ ሳይል ተቀንሷል።

ክፍያ የቀረበት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያወጣው ፍየሉን ነው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ገበያው በፍየል ይሞላና ዋጋው ይወድቃል፤ የእህሉ ግን ይወጣል። ገንዘብ ያለው ነጋዴ ለጊዜው ደስ ይለዋል፣ በርካሽ ይሰበስባል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ብልሁ ነጋዴ የሚያለቅሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጥ ፍየል ያለው ገበሬ፣ ዕቃውን የሚገዛ ደንበኛም እንደማይኖር ስለሚታየው ነው። የዱቤ ደብተሩ ይዘጋል፤ ገበሬው አራጣ አበዳሪ በር ላይ ይቆማል።

ውሉ የተቋረጠበት የጤና ሠራተኛም በአንዲት ትንሽ ከተማ ደመወዝተኛ ነበር። ቤት ተከራይቷል፣ ምግብ ቤት ይበላል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ለወላጆቹ ይልካል። እሱ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ አከራይዋ ኪራይ፣ ምግብ ቤቱ ተመጋቢ ያጣሉ፤ ታማሚውም የሚከታተለው ሰው ያጣል። ታክሞ ያልዳነ ደግሞ እርከን አይሠራም።

ሴፍቲኔት እንከን አልባ ነው አልልም። ክፍያው ወራት ይዘገያል፤ የሚገባው እየቀረ የማይገባው ይመዘገባል፤ ኮታ ለማሟላት ሲባል ያልበቃ ቤተሰብ «ተመርቋል» ተብሎ ከዝርዝር ይሰረዛል። የሌላ አገር ምርጫ በተለወጠ ቁጥር የሚናጋ መተዳደሪያም ዘላቂ ሊሆን አይችልም። ከእርዳታ መላቀቅ አለብን የሚሉት እውነት አላቸው። ነገር ግን መላቀቅ በዝግጅት እንጂ በድንገት አይሆንም።

ስለዚህ የወረዳ በጀት የሚያዘጋጁ ሰዎች ክፍያውን ከምጽዋት ዝርዝር አውጥተው ከደመወዝ ጎን ይጻፉት። የሚቀነስ ከሆነ ቢያንስ አንድ አዝመራ ቀደም ብለው ይንገሩ፤ የማይቀነስ ከሆነ በቀኑ ይክፈሉ። ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ የሚደርስ ገንዘብ፣ በሬውን አይመልስም።