የወጥ ቤታችን ጭስ ማውጫ ስንት ይስፋ? ስንትስ ይርዘም?

ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ የተማረ ወይም ያስተማረ ሰው ይህን ጽሑፍ ለምን እንደጻፍኩ አይጠይቀኝም። ገንፎው ሲበስል ግማሹ ተማሪ ዓይኑን ያሻል፣ ግማሹ ያስላል። እኛስ ደወል ሲደወል እንወጣለን፤ የሚያበስሉልን እናቶች ግን እዚያው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል። ነገሩ ዓይን ማቃጠል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጭስ በበዛ ቁጥር የምንሰማው መፍትሔ አንድ ነው፦ «ቱቦውን አስረዝሙት!» ቆርቆሮ ይፈለጋል፣ ይቀጠላል፣ ጭሱ ግን ያው ነው። ለምን?

ቱቦ ጭስን እንደ ገመድ አይጎትትም። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ፣ ከውጭ ያለው ከባድ አየር በማገዶው አፍ እየገባ ወደ ላይ ይገፋዋል። የግፊቱን መጠን ለማግኘት የቱቦውን ቁመት በ9.8 እና በሁለቱ አየሮች የእፍግታ ልዩነት ማባዛት ነው። ካኩማ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 200 ዲግሪ የሞቀ ጭስ ደግሞ 0.75 ኪሎ ገደማ። ልዩነቱ 0.4 ነው። ቱቦው 3 ሜትር ከሆነ 3 × 9.8 × 0.4፣ ወደ 12 ፓስካል ይመጣል።

12 ፓስካል ምን ያህል ነው? ሳህን ላይ 1 ሚሊሜትር ብቻ ከፍታ ያላት ውሃ ሳህኑን የምትጫነውን ያህል ነው፤ ቢበልጥ ትንሽ ነው። ጭሳችንን የሚያወጣው ጉልበት በሙሉ ይኸው ነው! እንዲህ ደካማ ስለሆነ አንድ ጠባብ ቦታ ወይም አንድ ሹል ክርን ካገኘው ይሸነፋል።

አሁን ወደ «አስረዝሙት» እንመለስ። 3 ሜትሩን 6 ሜትር ብናደርገው ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ የጭሱ ፍጥነት ግን የሚጨምረው በስኩዌር ሩት ነው፣ ማለትም 1.4 ጊዜ ብቻ። ያውም ጭሱ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ከቀረ ነው። ስፋቱን ብንነካስ? የ10 ሳንቲሜትር ቱቦ አፍ ስፋት 78.5 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ የ15ቱ 177 ነው። ተማሪዎችን «ስንት እጥፍ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ «አንድ ተኩል» ይሏችኋል። ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሁለት ባለ 10 ቱቦዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ እንኳ አንዱን ባለ 15 አያህሉም።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮኬት የሚባለውን ምድጃ የቀረጸው አሜሪካዊ ላሪ ዊኒያርስኪ የተከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ ከማገዶው አፍ እስከ ቱቦው ጫፍ ድረስ የመተላለፊያው ስፋት እኩል ይሁን። የማገዶው አፍ 12 በ15 ከሆነ 180 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ ባለ 15ቱ ቱቦ ይመጥነዋል። ባለ 10 ከተከልንበት ግን ከግማሽ በታች ነው፤ ቱቦው ያልቻለው ጭስ በማገዶው አፍ ተመልሶ ወደ አብሳይዋ ፊት ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ በድስቱና በምድጃው ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ድስቱ 50 ሳንቲሜትር ወርድ ካለው ዙሪያው 157 ነው። 180ን ለ157 ብናካፍል 1.15 ሳንቲሜትር። ክፍተቱ ከዚህ ከጠበበ ጭስ ይታፈናል፤ በጣም ከሰፋ ሙቀቱ ድስቱን ሳይነካ ያልፋል። እኔ ከቱቦው በፊት የምለካው ይህንን ነው።

ታዲያ ሰፊና ረጅም ብናደርገውስ? እዚህ ላይ ከካናዳ አንድ ምሳሌ ላምጣ። እዚያ በክረምቱ ማብቂያ ሜፕል ከሚባል ዛፍ የሚቀዳውን ጣፋጭ ውሃ አፍልተው ሽሮፕ ይሠራሉ። 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት ወደ 40 ሊትር የዛፍ ውሃ ያስፈልጋል፤ ቀሪው ሁሉ ተኖ መውጣት አለበት። ስለዚህ በረጅም ምድጃ ላይ ጠፍጣፋ መጥበሻ ዘርግተው ነበልባሉ እስከ መጨረሻው እንዲሮጥ ያደርጋሉ፤ የተለመደው መለኪያቸውም የቱቦው ቁመት የምድጃው ርዝመት ሁለት እጥፍ ይሁን የሚል ነው። እኛ ግን ገንፎ ነው የምንሠራው። ከፈላ በኋላ በትንሽ እሳት ይበቃዋል። የእነሱን የመሰለ ኃይለኛ ቱቦ እዚህ ብንተክል በመከራ የተገኘውን ማገዶ ወደ ሰማይ መላክ ይሆንብናል። ሲፈላ ማገዶ መቀነስ እንጂ ቱቦ መድፈን ግን አይገባም፤ የማይታየው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቤት ውስጥ ይቀራል።

እሳት ሲለኮስ የሚበዛው ጭስም ምክንያት አለው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር 60 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ያ 12 ፓስካል ወደ 2.5 ይወርዳል። አስቀድሞ ከቱቦው ሥር ትንሽ ወረቀት ወይም ደረቅ ሣር ማንደድ ይረዳል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ለ15 ሳንቲሜትር ቱቦ 47 ሳንቲሜትር ቆርቆሮ ይጠቀለላል፤ ለመጋጠሚያው 2 ጨምሩ። ዚንክ የተለበጠ የጣሪያ ቆርቆሮ ከእሳቱ አጠገብ አታድርጉ፣ በጣም ሲግል ጢሱ ይጎዳል፤ የታችኛው ክፍል ሸክላ ይሁን። ቱቦው ላስቲክ ወይም ሣር የሆነ ጣሪያ ፈጽሞ እንዳይነካ ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ዙሪያው በቆርቆሮ ይያዝ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ለዝናብ የሚደረገው ክዳን ከቱቦው አፍ ቢያንስ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ እጥፉ ቢሆን ይሻላል። ጥቀርሻም በየጊዜው ይጠረግ። በ15ቱ ቱቦ ውስጥ ዙሪያውን 1 ሳንቲሜትር ጥቀርሻ ቢይዝ የቀረው 13 ነው፤ ሩቡ ስፋት ጠፋ ማለት ነው።

ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች፦ ያው 1 ሳንቲሜትር ጥቀርሻ በ10 ሳንቲሜትር ቱቦ ውስጥ ቢሆን ከመቶ ስንት እጁ ይጠፋል? የድስቱ ወርድ 60 ሳንቲሜትር ቢሆንስ ክፍተቱ ስንት ይሆናል? ሠርታችሁ ለሳይንስ መምህራችሁ አሳዩ፤ ከዚያ ሜትር ይዛችሁ፣ እሳቱ ሲጠፋ፣ ወጥ ቤት ገብታችሁ ለኩ።