ጉበትን ለማዳን ወንዝ የወረዱት ሳይንቲስት

በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጡ፣ አጥርና ቁጥቋጦ ላይ ተንጠላጥሎ የሚያድገውን እንዶድ አይተውት ይሆናል። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ይህን የአጥር ተክል ከጉበት በሽታ ጋር ያገናኙት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ በ1935 እ.ኤ.አ. ጅጅጋ ተወለዱ፤ ዶክትሬታቸውን ያገኙት አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ብልሃርዚያ የተባለውን የትል በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ። አክሊሉ ከወንዙ ላይኛው ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ነገሩ ትልቅ ግኝት የሆነው የብልሃርዚያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ መራባት ስለማይችል ነው። እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የጎለመሰችው ሴት ትል አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ሆና በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ከፊሉ በዓይነ ምድር ይወጣል። ከቀረው ብዙው በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል።

ጉበቱን በዋናነት የሚጎዳው ግን ትሉ ራሱ አይደለም። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል እንደ ባዕድ ቆጥሮ በነጭ የደም ሕዋሳት ይከበዋል። ይህ አጥር እንቁላሉ የሚረጨውን መርዝ ስለሚያግድ ለጊዜው ይጠቅማል። እንቁላሉ ሲሞት ግን ቦታው ላይ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ለዓመታት ሲደራረብ ወደ ጉበት የሚገባው የደም መንገድ ይጠባል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥሮች ተወጥረው ሲፈነዱም ሕመምተኛው ደም ያስታውካል። በሄፓታይተስ ቢም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፦ የጉበት ሕዋሳትን በአብዛኛው የሚገድለው ቫይረሱ ሳይሆን፣ ቫይረሱን የሚያሳድደው የራሳችን መከላከያ ነው።

ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። ሆኖም የዳነው ልጅ ነገ እዚያው ወንዝ ከገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ምንጩን ማድረቅ ያስፈልጋል፤ አክሊሉ ያተኮሩትም በዚህ ላይ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ዝርያ መረጡ። ከፍሬው ከተለዩት ገዳይ ንጥረ ነገሮች አንዱ በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተብሏል።

ይህም ሆኖ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። ለሰውና ለአካባቢ አደጋ እንደሌለው በውጭ ቤተ ሙከራዎች ጭምር እንዲረጋገጥ ተጠየቀ፤ ዓመታትም አለፉ። አክሊሉ ግን የአፍሪካ ሳይንቲስት የአገሩን ችግር በአገሩ መርምሮ መፍታት እንደሚችል ከመሟገት አልቦዘኑም። በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ተመራማሪዎች አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ።

የእንጦጦ ብርድ የብልሃርዚያ ቀንድ አውጣን አያስኖርም፤ ሞቅ ባሉት የአገራችን አካባቢዎች ግን በሽታው ዛሬም አለ። ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሚዋኙበትን ወንዝና ሐይቅ እወቁ፤ በትምህርት ቤት የሚታደለውን መድኃኒት እንዲወስዱ አድርጉ፤ መጸዳጃ ቤትም ይኑራችሁ። ለወጣት ተመራማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፦ የእንዶድን ኃይል አጣቢዎቹ በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ አክሊሉ ቆም ብለው አዩት፣ ጠየቁ፣ መዘኑ። እናንተም ከእናቶቻችሁ እጅ ላይ ያለውን እውቀት በዚያው ትጋት መርምሩ።