የሥራ ቃለ መጠይቅ፦ መልስ ከመሸምደድ ትዝታን ማሰናዳት

«ስለ ራስህ ንገረን።» «ይህን ሥራ ለምን ፈለግኸው?» «ድክመትህ ምንድን ነው?» «አስቸጋሪ ሁኔታ ገጥሞህ እንዴት እንደ ተወጣኸው አስረዳን።» በሥራ ቃለ መጠይቅ የሚነሡት ጥያቄዎች ከአገር አገር እጅግም አይለያዩም፤ አመልካቾችም አስቀድመው ያውቋቸዋል። ይሁንና ጥያቄውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መልሱን በሰዓቱ ማግኘት ደግሞ ሌላ። በአንድ ቋንቋ ሠርተው በሌላ ቋንቋ ለሚጠየቁ ሰዎች በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ምክንያቱንም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በከፊል ደርሰውበታል።

በስቶክሆልም ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው ፋርስታ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ይታሰብ። በአገሩ በጤና ጣቢያ ለ12 ዓመታት አገልግሏል፤ አሁን በአረጋውያን መኖሪያ ለመቀጠር አመልክቷል። ጠያቂዋ «ሕክምና አልፈልግም ያለ ሰው ገጥሞህ ምን እንዳደረግህ ንገረን» ስትለው፣ «እኛ ሁልጊዜ በትዕግሥት እናግባባ ነበር» ብሎ ያበቃል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልትመዝነው የምትችለው ዝርዝር የለበትም። ማታ ከወዳጆቹ ጋር በአማርኛ ሲጨዋወት ግን ኢንሱሊን አልወጋም ያሉ አንዲት እናት ትዝ ይሉታል፤ የፈሩት መርፌውን ሳይሆን ከጎረቤት የሰሙትን ወሬ እንደ ነበር፣ ልጃቸውን አስጠርቶ እንዴት እንዳስረዳቸው፣ በመጨረሻም በገዛ እጃቸው መውጋት እንደ ጀመሩ ሁሉ ይመጣለታል። ታሪኩ ነበረ፤ በሚፈለግበት ሰዓት ግን አልተገኘም።

ይህ የመርሳት ችግር ብቻ አይደለም። ቪዮሪካ ማሪያንና ኡልሪክ ናይሰር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሩሲያኛ ተናጋሪ አካባቢ ወደ አሜሪካ የሄዱ ወጣቶችን በሁለቱም ቋንቋ ጠይቀዋቸው ነበር። ወጣቶቹ በሩሲያኛ ሲጠየቁ ሩሲያኛ ይናገሩበት ከነበረው ዘመን ብዙ ትዝታ አነሡ፤ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ዘመን። ትዝታ በተቀመጠበት ቋንቋ ሲጠራ ቶሎ ይመጣል ማለት ነው። በጎንደር ወይም በደሴ የተገኘ የሥራ ልምድም በስዊድንኛ ጥያቄ ሲፈለግ ቢዘገይ የሚያስገርም አይሆንም።

ቀጣሪዎች አንድ የተወሰነ አጋጣሚ እንዲነገራቸው የሚወዱትም በዘፈቀደ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራን በወሳኝ አጋጣሚዎች አማካይነት የማጥናት ዘዴን ካሳተመ ወዲህ፣ ተመራማሪዎች ቃለ መጠይቁን ሥርዓት ወዳለው ምዘና ሲቀይሩት ኖረዋል። በዚህ ዓይነቱ ቃለ መጠይቅ አመልካቾች ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ መልሳቸውም አስቀድሞ በተዘጋጀ መለኪያ ነጥብ ይሰጠዋል። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምገማ መሠረት፣ ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ቁርኝት በአማካይ 0.42 ነው። እንደ መጣ የሚካሄደው ወግ 0.19 ሲሆን፣ የሥራ ልምድ ዓመታት ብዛት ብቻውን ደግሞ 0.07 ላይ ይቀራል። በዚህ መለኪያ 0 ምንም ግንኙነት አለመኖርን፣ 1 ደግሞ ፍጹም ቁርኝትን ያመለክታል። ስለዚህ «12 ዓመት ሠርቻለሁ» የሚለው መልስ ብቻውን ክብደት አይኖረውም፤ ከ12ቱ ዓመት አንዲት ቀን በሚገባ ብትነገር ትበልጣለች። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው ያገራችን ብሂል ከዚህ ሳይንስ ጋር ይስማማል።

ከዚህ የሚገኘው የዝግጅት መንገድ ቀላል ነው። አመልካቹ አስቀድሞ በአማርኛ ያስታውሳል፦ ከሰው ጋር ያልተስማማበት፣ ስሕተት ሠርቶ ያረመበት፣ ጊዜ የጠበበበት፣ አዲስ ነገር የተማረበት፣ ሌላውን የረዳበት አጋጣሚ። አምስት ወይም ስድስት ታሪኮች ለብዙ ጥያቄዎች ይበቃሉ። እያንዳንዱን በአራት ያዋቅረዋል፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእርሱ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ምን ውጤት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስዊድንኛ የሚያሻግረው።

ልምምዱም ከወረቀት እያነበቡ መሆን የለበትም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ጽሑፉን ዘግተው ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት 56 በመቶውን አስታወሱ። ወረቀቱን ዘግቶ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ በየቀኑ በተለያየ ቃል መናገር ይጠቅማል። ቃል በቃል የተሸመደደ መልስ ጥያቄው ጥቂት ዘወር ሲል ይሰናከላል፤ የሚታወቅ ታሪክ ግን ከጥያቄው ጋር ይዞራል።

ሌላው እንቅፋት «እኛ» የምትለዋ ቃል ናት። ራስን ማሞገስ በሚያስነቅፍበት ባህል ያደገ ሰው የሠራውን ለባልደረቦቹ ማካፈል ይቀናዋል። ስዊድናውያንም ቢሆኑ ትምክሕትን አይወዱም፤ ደራሲው አክሰል ሳንደሙሴ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ልብ ወለድ የሰየመው «የያንተ ሕግ»፣ ማንም ከሌላው እበልጣለሁ ብሎ እንዳያስብ የሚያዝዘው ያልተጻፈ ደንብ፣ እስካሁን መጠቀሻቸው ነው። ነገር ግን «ልጃቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ» ማለት የተደረገውን መናገር እንጂ ጉራ አይደለም። መዛኙ ነጥብ የሚሰጠው ለቡድኑ ሳይሆን ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ነው።

በአክብሮት አነጋገርም ልዩነት አለ። የአከርካሪ ሠረሠርን ግራጫ ክፍል በንብርብር ከፍሎ በመግለጽ የሚታወቀው ስዊድናዊው ሳይንቲስት ብሩር ሬክሴድ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆን ሠራተኞቹን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እንደሚል አስታውቆ ነበር። ያ አጠራር በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ። አለቃን «አንተ» ማለት ድፍረት የሚመስለው ሐበሻ በስዊድን ይህን ቢያደርግ አያሳፍረውም።

ስለ ድክመት ሲጠየቁ «ሥራ አበዛለሁ» ዓይነት የተሸፈነ ሙገሳ አያዋጣም፤ እውነተኛ ግን ለሥራው አደጋ የማይሆን ድክመትን ከነማረሚያው መናገር ይሻላል። የደመወዝ ጥያቄም ሳይታሰብ እንዳይመጣ ያስፈልጋል። ስዊድን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ክፍያው በአብዛኛው በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት የጋራ ስምምነት ይመራል። ስለዚህ አስቀድሞ የሙያውን ማኅበር መጠየቅ ይገባል። ልብ ሲመታም «ተረጋጋ» ብሎ ራስን መቆጣት ላይረዳ ይችላል፤ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ጭንቀታቸውን «ጓጉቻለሁ» ብለው የሰየሙ ሰዎች ንግግርም ሆነ የሒሳብ ፈተና የተሻለ ተወጥተዋል።

ዝግጅት ግን ሁሉን በር አይከፍትም። ማግኑስ ካርልሶንና ዳን ኦሎፍ ሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የስዊድን ጥናት፣ ተመሳሳይ ማመልከቻ የስዊድን ስም ሲይዝ የመካከለኛው ምሥራቅ ስም ከያዘው ይልቅ ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሉ በ50 በመቶ ይበልጥ ነበር። ይህ በአመልካቹ ስንፍና የሚመካኝ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የስዊድን የፀረ አድልዎ ሕግ፣ ለቃለ መጠይቅ ያልተጠራ ወይም ያልተቀጠረ ሰው ስለ ተመረጠው ሰው ትምህርት፣ የሥራ ልምድና ሌላ ብቃት በጽሑፍ እንዲገለጽለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አድልዎ የጠረጠረ ሰው ጉዳዩን የሚያቀርብበት ማስረጃ ያገኝበታል፤ በብቃት የተበለጠም ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ የትኛውን ታሪኩን ማጠንከር እንዳለበት ይረዳበታል።