የዶላር ዋጋ በዶርዜ ገበያ

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። በአንዱ ሐሙስ፣ ከክር ነጋዴዎቹ መደብ ፊት፣ አንድ አዛውንት ሸማ ሠሪ የጥለት ክር አንስተው ዋጋ ጠየቁ። ልጅቷ ነገረቻቸው። ክሩን ትንሽ አገላብጠው መልሰው አስቀመጡት። «ሰኞ እንዲህ አላልሽኝም» ቢሏት፣ «እኔ ምን ላድርግ አባባ፣ ዶላር ጨመረ» አለቻቸው። አዛውንቱ ዶላር በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ልጅቷም አታውቅም። መልሷ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ስለዚህ የብርን ምንዛሪ ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በዕለቱ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ነሐሴ ሳያልቅ 100ን አለፈ። ታሪኩ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል።

ዶርዜ ያለችበት የጋሞ ደጋ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ የአገሩ ዋና ገንዘብ ማርያ ቴሬዛ ነበር። ይህ 28 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት 1780 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ተቀባዩ ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ በሳንቲሙ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ፈርጦቹ በደንብ ይታዩ እንደሆነ ይመረምራል፤ የተፋቀ ከሆነ ይመልሳል። ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱትን የራሳቸውን ብር እንኳ ገጠሩ በቀላሉ አልተቀበለውም። የማርያ ቴሬዛ ዋጋ በእንግሊዝ ፓውንድ ሲተመን ደግሞ ቋሚ አልነበረም። የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ አብሮ ይወርዳል፤ የቡና መግዣ ወቅት ሲደርስ ፈላጊው በዝቶ ይወጣል። ለንደን የተቆረጠ ዋጋ የኢትዮጵያን ገበያተኛ መንካት የጀመረው ያኔ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያው ይዘዋወር ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣና አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ለአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ተተመነ፤ በ1956 ዓ.ም. 2 ብር ከ50 ሆነ። በ1965 ዓ.ም. አሜሪካ የራሷን ገንዘብ ስታረክስ ብር ጠንክሮ ዶላሩ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ገባ። ይህ ዋጋ አብዮቱን፣ ጦርነቱንና ድርቁን ሁሉ አልፎ እስከ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ቆየ፤ በዚያ ቀን በአንድ ጊዜ 5 ብር ተባለ።

ዋጋው ያልተነቃነቀበት ዘመን ግን ለሸማ ሠሪ የምቾት ዘመን አልነበረም። አዛውንቱን ቤታቸው ሄጄ ይህንኑ ጠየቅኳቸው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ወርደው ሽሮ ሜዳ ለብዙ ዓመት ሠርተዋል።

«በደርግ ጊዜ ክሩ ይጠፋል እንጂ ዋጋው አያስደነግጥም ነበር» አሉኝ። «በማኅበር ተሰልፈን እንወስዳለን። ሲጠፋ የሽመና ጉድጓዳችን ውስጥ ቁጭ ብለን እጃችንን እናያለን። አሁን ክሩ ሞልቷል፤ የሌለው ብሩ ነው።»

መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን እሳቸው በዚህ ጨረሱት። ምንዛሪው በአዋጅ ሲታሰር ዕቃው ይጠፋል፤ ሲለቀቅ ዕቃው ይመጣና ገዢው ይጠፋል።

እያወሩኝ እግራቸው ከጉድጓዱ፣ መወርወሪያውም ከእጃቸው አልተለየም። አጠገባቸው ባለች ቆርቆሮ ውስጥ ከቀድሞ ሥራ የተረፉ የጥለት ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ። ጫፍና ጫፉን እየቋጠሩ፣ ቋጠሮው በሸማው ፊት እንዳይታይ በጥፍራቸው ወደ ኋላ እየገፉ ይሠራሉ።

«ማጉን ባለቤቴ ትፈትላለች፤ እሱ የራሳችን ነው። ጥለቱ ግን በመርከብ የመጣ ነው። ያለ ጥለት ባወጣው ማን ይገዛኛል? ነጋዴው ክር ሲሸጥልኝ ዶላሩን ያስባል ልጄ፤ ሸማዬን ሲገዛኝ ይረሳዋል።»

ብር በረከሰ ቁጥር የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ነው፤ ላኪ ይጠቀማል ይባላል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ዶላሩ ከ13 ብር ወደ 16 ብር ሲገባም፣ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲረክስም ተብሏል። ለቡና ላኪ እውነት ነው። በሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ማሻሻያ ላኪዎች ካገኙት የውጭ ምንዛሪ ግማሹን እንዲይዙ ተፈቅዶላቸዋል። የጋሞ ምርት ግን በአመዛኙ አገር ውስጥ የሚሸጥ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባል፤ የጨንቻ ፖምና የጫሞ ዓሣም የሚሸጡት በብር ነው። ዋሽንግተን የሚደርሰው ቀሚስ በሽሮ ሜዳ ነጋዴ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ያልፋል፤ ዶላሩ ሸማ ሠሪው ዘንድ አይደርስም።

የሸማ ሠሪ ማኅበራት ተባብረው ክር በቀጥታ የሚያስመጡበት፣ ሸማቸውንም የሚልኩበት መንገድ አለ ወይ ብዬ አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ኃላፊ ጠየቅኩ። «ይህ ከእኛ በላይ ነው» አሉኝ። ከማን በላይ እንደሆነ ስጠይቅ ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ። ጥያቄዬን በጽሑፍ ተውኩላቸው፤ መልስ አልመጣም።

ማዳበሪያው፣ የዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት፣ ነዳጁ፣ ሁሉም ዶላሩን ተከትሎ ወጥቷል። እያንዳንዱ የራሱን ጽሑፍ ይፈልጋል።

የክሩ ጉዳይ ግን ዛሬውኑ ሊቃለል ይችላል። ማኅበራቱ በስማቸው የላኪነት ፈቃድ ያውጡ፤ ባንኮችም ለጥለት ክር የሚሆን ጥቂት የውጭ ምንዛሪ አይንፈጓቸው። ውጭ አገር ሆናችሁ የአበሻ ቀሚስ በዶላር የምትገዙ አንባቢዎች ደግሞ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሸማ ሠሪው ስንት እንደደረሰው ሻጩን ጠይቁልን።