የፕሮስቴት ካንሰርን በኤሌክትሪክ ምት ማከም

ብዙ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው ከሞት ቀጥሎ የሚፈሩት ሽንት መቆጣጠር አለመቻልንና የወሲብ አቅም ማጣትን ነው። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ የፕሮስቴት ዕጢን በሙሉ በቀዶ ሕክምና ማውጣትም ሆነ በጨረር ማከም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል።

ኢሪቨርሲብል ኤሌክትሮፖሬሽን የተባለው ሕክምና የሚያነጣጥረው ካንሰሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ታካሚው ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል፤ በኤሌክትሪክ ምቱ ሰውነቱ እንዳይኮማተር ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒትም ይጨመርለታል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በቆለጥ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ቀጫጭን መርፌዎች አስገብቶ ካንሰሩን ዙሪያውን ይከበዋል። ከዚያ በመርፌዎቹ መካከል እስከ 3,000 ቮልት የሚደርስ ምት ይለቀቃል። እያንዳንዱ ምት ከሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ አይበልጥም፤ የሚለቀቀውም ከልብ ትርታ ጋር ተናቦ ነው። የካንሰር ሴሉ ሽፋን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሳና ሴሉ ይሞታል። ሴሉን የሚገድለው በዋናነት ሙቀት ስላልሆነ በአካባቢው ያሉ ነርቮችና የደም ሥሮች የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሕክምና የሚያገለግለውን ናኖናይፍ የተባለ መሣሪያ ለፕሮስቴት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ነው። ገና አዲስ ስለሆነ የረጅም ዓመታት ውጤቱ እየተጠና ነው፤ ከሕክምናው በኋላም በፒኤስኤ የደም ምርመራ፣ በኤምአርአይና በባዮፕሲ መከታተል ግዴታ ነው።

ካንሰሩ ከተሰራጨ ይህ ሕክምና መፍትሔ አይሆንም፤ ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜያችሁ ከ50 ያለፈ፣ ወይም አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ በዚህ በሽታ የታመመባችሁ ከዚያም ቀደም ብላችሁ፣ ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ሐኪማችሁን አማክሩ።