የመኪና በር ታቅፎ መዞር እስከ መቼ?

እስቲ ጋራዥ የምታዘወትሩ ልጆች እውነቱን ተናገሩ! የተፈታ የመኪና በር የት ነው የሚቀመጠው? ከሥሩ ካርቶን ተነጥፎለት ግድግዳ ተደግፎ፣ አለዚያም ሁለት በርሜል ላይ ተጋድሞ አይደል? ድመት ብትነካው የሚወድቅ!

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚቀባ የ23 ዓመት ወጣት አጋጥሞኝ ነው። ልጁ የአንድ ዲኤክስ የፊት በር ስቱኮውን ፈግፍጎ፣ ቀለሙን ሁለት እጅ ረጭቶ ጨርሷል። በሩ የቆመው ሁለት የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። የኮምፕረሰሩን ጎማ ሲጎትት ጎማው ሳጥኑን ያዘውና... አበቃ! በሩ በአፍጢሙ ተደፋ። እርጥቡ ቀለም አቧራ ለበሰ፤ ጠርዙም ተጨራመተ። አሠሪው በሰዓቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ወሩ ሲያልቅ ግን ከደሞዙ ቆረጠው። የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈለችለት እጮኛው ናት። «ገንዘቡ አይደለም ያቃጠለኝ፤ እሷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» ነው ያለኝ።

ታዲያ ልጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረደና ቁርጥራጭ ብረት ገዝቶ የራሱን ማቆሚያ በየደ። እኔም ሄጄ አየሁት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ማሳመር የብዙ ሰው ጉዳይ ስለሆነ አሠራሩን ላካፍላችሁ።

ከ40 በ40 ቱቦላሬ 1 ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው ሁለት ቋሚዎች ይቆረጣሉ። እያንዳንዱ ቋሚ ከሥሩ 60 ሳንቲም የሚሆን መርገጫ ይበየድለታል። (ልጁ መጀመሪያ 30 ሳንቲም አድርጎት ነበር፤ ማቆሚያው ከነበሩ ሊገለበጥበት ሲል ነው የነቃው።) ሁለቱን ቋሚዎች ታች መሬት ላይ የሚያያይዘው ብረት አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ የሚያጥርና የሚረዝም ይሁን። የላዳ በርና የፒክአፕ በር እኩል አይደለማ!

ዋናው ብልሃት ግን ጫፉ ላይ ነው። በየቋሚው አናት ላይ የባለ 1 ከሩብ ኢንች ቧንቧ ቁራጭ በአግድም ይበየዳል። በውስጡ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ይገባል፤ እንደ ልብ ይሽከረከራል። የውጪው ቧንቧ ይበሳና ቀዳዳው ላይ ዳዶ ይበየዳል፤ በዚያ በኩል ብሎን ሲጠብቅ የውስጡ ቧንቧ ባለበት ይቆማል። የውስጠኛው ቧንቧ ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ተበይዶ፣ በአንድ ወገን በበሩ የማጠፊያ ቀዳዳዎች፣ በሌላው ወገን በቁልፉ ቀዳዳዎች በብሎን ይታሰራል። በቃ፣ በሩ አየር ላይ ነው! መጀመሪያ የውስጡንና የጠርዙን ትቀባላችሁ፣ ከዚያ በእጃችሁ ሳትነኩት ገልብጣችሁ የውጪውን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀለሙ ሜታሊክ ከሆነ በሩን መኪናው ላይ እንደሚቆመው አቁማችሁ እርጩት። ተጋድሞ ከተረጨ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ሌላ ዓይነት አተኛኘት ይተኛና፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ከጎኑ ካለው ፓራፋንጎ ጋር ሁለት ቀለም ይመስላል። ባለቤቱ ደግሞ ይህን ሳያይ አይሄድም፤ እመኑኝ።

ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ከሆነ የሚበየድበትን ቦታ በሞረድ ፈግፍጉት፤ ሥራውም ደጅ ይሁን። የዚንክ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ቲነር ባለበት ብየዳ አይታሰብም። ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ቀለም ስትረጩ ደግሞ ያቺ የጨርቅ ማስክ ምንም አታደርግላችሁም፤ ውህዱ አስም የሚያመጣ ነገር አለው። ለቀለም ሥራ የተሠራውን፣ ባለ ማጣሪያውን ማስክ አድርጉ። ልጁ ማስኩን የገዛው ከማቆሚያው በኋላ ነው፤ ተቆጥቼዋለሁ።

መልሶ መግጠሙስ? የፊት በር መስታወቱና ማሽኑ ሲገባበት 30 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ብሎን መፈለግ ወይ ወገብ ነው ወይ አዲሱን ቀለም መጫር ነው። ባለ ጎማ ክሪክ ላይ እንጨት አስቀምጡ፤ እንጨቱ መሃሉ ተቦርቡሮ አሮጌ ካላማዳሪ ይልበስ፤ በሩ እዚያ ላይ ይቁም። ክሪኩ ያነሳል እንጂ አይዝም፣ ስለዚህ አንድ ጓደኛ በሩን ደግፎ ይቁም። ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ በማጠፊያው ዙሪያም በእርሳስ አስምሩ፤ ስትመልሱ መስመሩን ነው የምትከተሉት። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ፣ በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑን አይታችሁ አጥብቁ። በሩ የሚነክሰው ጥርስ የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው።

አሠሪው ሰሞኑን ልጁን ጠርቶ «እንዲህ ያለውን አራት ሥራልኝ» ብሎታል። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ዋጋውን ነገረው። የተቆረጠችዋን ደሞዝ ጨምሮ!